ጠራዡ ዘንድ ነው

መዳም ሱሄይር ገና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ አንድ ተማሪ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ባንኮኒ ላይ ተደግፎ «ጠራዡ የት ነው የሚገኘው?» አላት። ከኋላው የቆመውም ጠራዡን ነው የሚፈልገው። ከሱ ኋላ ያለችው ልጅ ደግሞ የጠራዡን ስልክ ቁጥር። ሻይዋን አልጠጣችም፣ የፉል ሳንድዊቿን ከወረቀቱ አልፈታችም፣ መንገድ ላይ ባሕሩ የረጨው ጫማዋ እንኳ ገና አልደረቀም።

«ጠራዥ የለም» አለች።

«ደሊል ግን አለ ብሏል።»

«እንግዲያው ደሊልን ጠይቀው።»

«ጠየቅኩት። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ አነጋግር አለኝ።»

ይሄ እንግዲህ በየቀኑ ነው። ሰው ስንት ቀን ይችላል? ደሊል የሚሉት በሩ አጠገብ የተተከለውን ስክሪን ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር። የታሪክ ክፍሉ ዶክተር ሸውቂ የዘመናዊነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ በብርዱ ወራት አመጣው። ሪባን ተቆረጠ፣ ባስቡሳ የሚሉት ጣፋጭ ተበላ፣ ፎቶ ተነሱ። ተማሪው በፈለገው አነጋገር ይጠይቀዋል፣ ደሊልም ይመልሳል፤ አመላለሱ ደግሞ የሠርግ ቤት አስተናጋጅ ነው የሚመስለው። «ውድ ተማሪያችን፣ የጠየቅከው መጽሐፍ በአሁኑ ሰዓት ጠራዡ ዘንድ ነው። በቅርቡ ይመለሳል። ሌላ ምን ልርዳህ?» የሱሄይርን አንጀት የምታሳርረው ያቺ «በቅርቡ» የምትለዋ ናት።

እውነቱን ለመናገር ደሊል ከራሱ የፈጠረው ነገር የለም። መዝገቡን ሰጡት፣ አነበበ፣ አመነ። ጥፋቱ ማመኑ ነው። እዚህ እስክንድርያ የመንግሥት መጽሐፍ የመንግሥት ነው ይባላል እንጂ የሠራተኛው ራስ ምታት ነው፤ እያንዳንዱ በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል፣ ከጠፋ ያ ሰው ይጠየቅበታል። ስለዚህ «ጠፋ» ብሎ የሚጽፍ የለም፤ ምን ቆርጦት? «እገሌ ፕሮፌሰር ወስዶ አልመልስ አለ» ብሎ መጻፍማ ነውር ነው፣ ሰውየው ነገ ዲን ይሆናል። የቀድሞው ኃላፊ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኡስታዝ ፊክሪ ናቸው መላ የዘየዱት። ጠራዡ ዘንድ ነው። ጠራዥ ዘንድ ያለ መጽሐፍ አልጠፋም፣ አልተሰረቀም፣ ማንም አያፍርበትም። ሱሄይር ስትተካቸው ወንበሩንም አባባሉንም አብራ ወረሰች። ይህን የማያውቅ ሰው በሕንጻው ውስጥ አልነበረም። ድሮ ተማሪው «ጠራዡ ዘንድ ነው» ሲባል ላም አለኝ በሰማይ መሆኑ ገብቶት፣ ትከሻውን ነቅንቆ ሌላ መጽሐፍ ይፈልግ ነበር። አሁን ማሽኑ በዚያ ማር በተቀባ አፉ «በቅርቡ» ሲለው ያምናል፤ ነገ ተመልሶ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል።

አጣሪን ሰፈር አም አጢያ የሚባሉ እውነተኛ ጠራዥ አንድ ጊዜ ነበሩ። ግን ከሞቱ ስንት ዘመናቸው።

ከሁሉ የባሰችው ስልክ ቁጥር የጠየቀችው ልጅ ናት። ኢብቲሃል ትባላለች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው ከከተማው ሥር ስላሉት ጥንታዊ የውሃ ጉድጓዶች ነው። የምትፈልገው መጽሐፍ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው፤ ዛሬ ተደፍነው ሕንጻ የተሠራባቸው ጉድጓዶች ሥዕል ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። እምቢ ሲሏት የማትሄድ፣ ሲቆጧት የማትቀየም ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለች ልጅ ደግሞ ጨጓራ ትልጣለች።

«ልጄ፣ ስሚኝ» አለቻት ሱሄይር። «መጽሐፉ አንዱ ትልቅ ሰው ቤት ነው ያለው። ማን ቤት እንደሆነ አላውቅም። ካርዱ ላይ የተጻፈው በኡስታዝ ፊክሪ እጅ ነው፤ ከኔ በፊት የጠፋ ነው።»

«ታዲያ ለምን ጠራዡ ዘንድ ነው ይላል?»

«እንዲህ ስለሚባል ነው።»

ኢብቲሃል ቆማ አየቻት፤ ሱሄይርም የፉል ሳንድዊቿን አየች። ቀዝቅዟል።

ይሄ ሁሉ ለሌላ ጊዜ ቢሆን በተቻለ። ችግሩ ሱሄይር ልትወጣ መሆኑ ነው። ስድሳ ሊሞላት ነው፤ ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ በስሙ ያለውን ንብረት ለርክክብ ኮሚቴ አስረክቦ የመልቀቂያ ወረቀት መቀበል አለበት። ያ ወረቀት ከሌለ ጡረታ የለም፣ መሄድ የለም፣ እዚያው ባንኮኒው ጋ መሻገት ነው። ረሺድ ከተማ እህቷ ኒዕማት አለች፣ በአባታቸው ቤት። ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ደረጃ አትወርድም፤ የጓሮው ቴምር ሲረግፍ በመስኮት ታየዋለች። ሁለቱም ባል የላቸውም፣ ሁለቱም ልጅ የላቸውም፣ «ጡረታ ስወጣ አብረን እንኖራለን» ከተባባሉ ዕድሜያቸው ነው። ኒዕማት በስልክ ሌላ ወሬ የላትም። «መቼ ነው የምትመጪው?» ትላለች። ሱሄይርም «በቅርቡ» ትላለች፤ ይህን ቃል በተናገረች ቁጥር ደሊል ትዝ ይላትና ደሟ ይፈላል።

ኡስታዝ ፊክሪ ሲወጡ እኮ ቀላል ነበር። ኮሚቴው መጣ፣ «ጠራዡ ዘንድ» የሚለውን አየ፣ ፈገግ አለ፣ ፈረመ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። ለሱሄይርም እንዲሁ በሆነ ነበር፣ ደሊል ባይተጋ ኖሮ። ማንም ሳያዘው መጻሕፍቱ ጠራዡ ዘንድ ከመጠን በላይ መቆየታቸውን አስተውሎ ለአስተዳደሩ ማሳሰቢያ ላከ። አስተዳደሩ ደግሞ «የትኛው ጠራዥ? ውሉ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ የርክክብ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኡስታዝ ሳሚህ ፊቱን አኮማትሮ መጣ።

«መዳም፣ እኔ አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ» አላት። «ግን አሁን ወረቀቱም አወቀ። ወረቀት ያወቀውን እኔ አላውቅም ማለት አልችልም።»

«ወረቀት አይደለም፣ ማሽን ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት ሰዎች ማሽን ስላላዩ ነው። መጻሕፍቱ ካልመጡ አልፈርምም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ልጅ እያለህ አባትህ ባዘዙህ ቁጥር እዚህ መጥተህ የምትፈልገውን ስሰጥህ አልነበር?»

«ነበር። ለዚያ እኮ ነው ራሴ መጥቼ የነገርኩዎት።»

ሱሄይር ቀጥ ብላ ዶክተር ሸውቂ ቢሮ ሄደች። «ጠራዡ ዘንድ» ካሉት መጻሕፍት የሚበዙት የሱ ሳሎን ውስጥ ናቸው፤ ቤቱ የሄደ ሁሉ ያያቸዋል፣ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሠርግ ፎቶው ሥር።

«ዶክተር፣ መጻሕፍቱን ለመንኩዎት።»

«የትኞቹን?»

«ቤትዎ ያሉትን።»

«መዳም ሱሄይር፣ እርስዎ የዚህ ቤት በረከት ነዎት። መጽሐፍ እኔ ዘንድ ነው ማለት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው ማለት ነው።»

«ተማሪው ግን ሳሎንዎ አይገባም።»

«ኢንሻላህ አመጣቸዋለሁ። እስከዚያ እንደ ልማዳችን ይቆዩ።»

«እንደ ልማዳችን ሆኜ ነው እዚህ የደረስኩት። ያመጡት ማሽን ነው ያጋለጠኝ።»

ዶክተሩ ሳቀ። የሚስቀው ትምህርቱ ያልገባው ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲጠይቀው እንደሚስቀው ነው። «ማሽን አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው የመገበው ሰው ነው። እውነቱን መግቡት፣ እውነቱን ይነግራችኋል» አለና ስልኩን አነሳ። ሂጂ ማለቱ ነው።

ሱሄይር ደረጃውን ወረደች። ስታለቅስ ሰው እንዳያያት መጸዳጃ ቤት ገባች፤ ግን እንባው አልመጣም፣ የመጣው ንዴት ነው። ፊቷን ታጥባ ወደ ረጃኢ ሄደች። ረጃኢ የኮምፒውተሩ ኃላፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሱፍ ፍሬ ሲፈለፍል የሚውል፣ ልቡ ግን ደግ የሆነ ሰው።

«ረጃኢ፣ ዶክተሩ ማሽኑን እውነት መግቡት ብለዋል።»

«ጥሩ ብለዋል። የምን እውነት?»

«ጠራዡ ዘንድ የሚለውን አጥፋና መጽሐፉ ያለበትን ቦታ ጻፍ።»

ረጃኢ የሱፉን ቅርፊት ዋጠው። «ኧረ መዳም፣ ይተዉ። ሰውየው ዲን ሊሆን ነው።»

«እኔ ደግሞ ረሺድ ልሄድ ነው። ጻፍ።»

ጻፈ። ማንን ማን ይጠይቃል፣ የትኛውን መጽሐፍ ማን እንደወሰደ ረጃኢም ያውቃል፣ ሻይ የምታፈላዋም ታውቃለች። እሷ እንዲያውም የረሱትን አስታወሰቻቸው። ማን እንደወሰደው ያልታወቀ የጉድጓዶቹ መጽሐፍ ብቻ ነበር። «እሱ እንደተጻፈ ይቆይ፣ ሸውቂ ጋ አይጠፋም» አለች ሱሄይር።

በማግሥቱ ደሊል በዚያው በማር አፉ ጀመረ። «ውድ ተማሪያችን፣ የጠየቅሽው መጽሐፍ ዶክተር ሸውቂ ቤት፣ ስሙሃ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሳሎን ውስጥ ነው። በቅርቡ ይመለሳል። ሌላ ምን ልርዳሽ?» ማሽን ይሉኝታ የለው፣ ዲን ይሆናል ብሎ የሚፈራው ሰው የለው። ተማሪውም አመነ። ካመነ ደግሞ ይሄዳል፤ ፈተና ደርሷላ። መጀመሪያ ሁለት ሆነው ሄዱ፣ ከዚያ በቡድን። የሕንጻው ዘበኛ ሊፍቱን ዘጋ፣ በደረጃ ወጡ። አንዱ «ፎቶ ለማንሳት ብቻ ነው፣ አምስት ደቂቃ» ብሎ ምሳ ሰዓት ላይ ገብቶ የዶክተሩን ባለቤት የሙሉኪያ ወጥ እየጨለፉ አገኛቸው።

ነገሩን የጨረሱት ባለቤቱ ናቸው። መጻሕፍቱን በማንጎ ካርቶን ሞልተው፣ በዘበኛው ትከሻ አስጭነው፣ ራሳቸው በታክሲ ይዘውት መጡ። «ቤቴን የትራም ፌርማታ አደረጋችሁት» አሉ ባንኮኒው ጋ ቆመው። «ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ሰውዬ መጽሐፍ ብታውሱት ከናንተ ጋር ነው የምጣላው። አቧራውን ስጠርግ ነው ያረጀሁት።»

የሌሎቹ አልቆየም። ስማቸው ደሊል አፍ ላይ ሳይደርስ ለመቅደም አንዱ በሾፌሩ ላከ፣ አንዱ «ረስቼው መኪና ውስጥ ነበር» እያለ ራሱ መጣ፣ አንዱም ተደብቆ መደርደሪያ ላይ መልሶ ሲሰካ ተያዘ። ዶክተር ሸውቂ ፊቱ በርበሬ መስሎ ገባ።

«አዋረዱኝ፣ መዳም ሱሄይር።»

«እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ደሊል ነው።»

«ማን ነገረው?»

«እውነቱን መግቡት ያሉት እርስዎ ነዎት። ይልቅ አንድ ቀርቷል፣ የጉድጓዶቹ መጽሐፍ።»

«ወላሂ እሱን አልወሰድኩም። አይቼውም አላውቅ።»

ማን ይመነው? ሱሄይር «እሺ» አለች፣ እንደማይመለስ መጽሐፍ እያየችው። ባለቤቱ ዘንድ ደወለች፤ አልጋ ሥር ሳይቀር አስፈለገች። የለም። ሌሎቹን ሁሉ ጠየቀች። የለም። ርክክቡ የቀረው በአንድ መጽሐፍ ነው። ያን ሁሉ አስመልሳ አንዱ እግሯን ያዛት።

ኡስታዝ ሳሚህ መጥቶ ሁሉንም ቆጥሮ «ይህስ?» ብሎ መዝገቡ ላይ በጣቱ ጠቆመ።

«ጠራዡ ዘንድ ነው» አለች ሱሄይር። ሳታስበው ነው፤ አፏ ለምዶ ነው።

ኡስታዝ ሳሚህ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። «ኧረ በቃን ከጠራዡ፣ መዳም። በአላህ። መጽሐፉን ያምጡ ወይ ጠፋ ብለው ይጻፉና ምርመራው ይቀጥል። ምርመራ ከተጀመረ ደግሞ ይህን ዓመት ይርሱት።»

ያን ዕለት ለኒዕማት በስልክ ነገረቻት። ኒዕማት አልተቆጣችም። «እሺ፣ ምን ይደረግ» አለች። ለሱሄይር ብትቆጣት ይሻላት ነበር። እህቷ ቀስ ብላ ከወንበሩ ስትነሳ፣ ስታቃስት ሰማች፤ ያ ማቃሰት ከጆሮዋ አልወጣ አለ።

እንግዲህ ማሽኑ ከተተከለ ጀምሮ አንድ ቀን ቀርባ አነጋግራው አታውቅም። በማግሥቱ ግን የሰዉን ሰልፍ ጥሳ ስክሪኑ ፊት ቆመች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«የጉድጓዶቹ መጽሐፍ የት ነው?»

«ውድ ተጠቃሚያችን፣ የጠየቁት መጽሐፍ ጠራዡ ዘንድ ነው። በቅርቡ ይመለሳል።»

«ጠራዡ ሞተዋል።»

«ይህን በመስማቴ በጣም አዝናለሁ። አላህ ነፍሳቸውን ይማር። መጽሐፉ ጠራዡ ዘንድ ነው። ሌላ ምን ልርዳዎት?»

«አፍህን ዝጋ።»

«እሺ። ሌላ ምን ልርዳዎት?»

ተማሪዎቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ኢብቲሃል ግን አልሳቀችም። «መዳም፣ የሰውየው ሱቅ የት ነበር?» አለቻት።

«አጣሪን። ምን ያደርግልሻል? ዛሬ የስልክ ከቨር ነው የሚሸጥበት፤ ባለፈው በዚያ ሳልፍ አይቻለሁ።»

«ሄደን ፎቶ አንስተን እናምጣ። ጠራዥ የለም፣ ይኸው ብለን ረጃኢ ይመግበው። ቢያንስ እንዲህ እያለ አይቀልድብን።»

ሱሄይር አሰበች። መጽሐፉን አያመጣላትም፤ ይህን ማሽን ግን አንድ ቀን ውሸታም ያደርግላታል። ቦርሳዋን አነሳች።

በትራም ሄዱ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የስልክ ከቨር፣ ጫፉ ላይ የሚያብለጨልጭ ሽቦ። ጢሙ የሸበተ ሰው ቁጭ ብሎ የስልክ መስታወት ያጣብቃል።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሀጃ። ለየትኛው ስልክ ነው?»

«ገና ሐጅ አልሄድኩም። ለስልክም አልመጣሁም። እዚህ አም አጢያ የሚባሉ ጠራዥ ነበሩ?»

«አባቴ ናቸው። አላህ ይርሐማቸው። ሳብሪ እባላለሁ።»

«አላህ ይርሐማቸው» አለችና ወደ ኢብቲሃል ዞረች። «ሰማሽ? ፎቶ አንሺ። በደንብ አድርገሽ፣ ከቨሮቹ እንዲታዩ።»

ሳብሪ የያዘውን ስልክ አስቀመጠ። «ከዩኒቨርሲቲው ነዎት እንዴ?»

«ነኝ። ምነው?»

ሰውየው ተነሳ። መሰላል አስደግፎ ቆጡ ላይ ወጣ። ካርቶን ሲገፋ፣ ሲያስል፣ ቢስሚላህ ሲል ተሰማ። ሲወርድ በነጠላ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ አቅፏል። ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ፈታው። ጥቁር ቀይ ቆዳ፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈ ርዕስ፣ ጥጉ በጥንቃቄ የታጠፈ። ኢብቲሃል ርዕሱን አነበበችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። የጉድጓዶቹ መጽሐፍ ነው።

«አባቴ የመጨረሻ የጠረዙት ይሄ ነው» አለ ሳብሪ። «ኡስታዝ ፊክሪ የሚባሉ ሰው ናቸው ያመጡት። አባቴ ሊሞቱ ሲሉ ‘አደራ ነው፣ ባለቤቶቹ ይመጣሉ፣ እንዳትሸጠው’ አሉኝ። ሁሉንም ሸጥኩ፣ መጭመቂያውን ሳይቀር። እሱን ግን አልነካሁም።»

«እና ለምን አላመጣኸውም?» አለችው ኢብቲሃል።

«ሄጃለሁ እኮ፣ በር ላይ መታወቂያ የለህም ብለው መለሱኝ። ከዚያ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። የመጽሐፉን ስም ጠርቼ ሳልጨርስ ‘ጠራዡ ዘንድ ነው፣ በቅርቡ ይመለሳል’ ብላ ዘጋችብኝ። እኔ እኮ ነኝ ልላት ደግሜ ደወልኩ። አሁንም ‘ጠራዡ ዘንድ ነው አልኩህ እኮ’ ብላ ዘጋችው። በሦስተኛው እኔም አመንኳት። ሌላ ጠራዥ፣ ሌላ መጽሐፍ አላቸው ማለት ነው ብዬ ተውኩት።»

ሱሄይር የደንበኛውን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። የመጽሐፉን ቆዳ በመዳፏ ዳበሰችው፤ አሁንም ትንሽ ሙጫ ሙጫ ይላል።

«ሌላ ምን ልርዳህ እንኳ አላለችህም?» አለችው።

«አይ። ዘጋችው።»

«እኔ ነበርኩ» አለች ሱሄይር።

ሳብሪ «ሻይ ላምጣላችሁ» ብሎ ወጣ። ኢብቲሃል መጽሐፉን ገልጣ ሥዕሎቹ ላይ ተደፍታለች። ሱሄይር ስልኳን አወጣችና ኡስታዝ ሳሚህ ዘንድ ደወለች።

«አቤት፣ መዳም።»

«ሳሚህ፣ የጉድጓዶቹ መጽሐፍ ጠራዡ ዘንድ ነው። እውነቴን ነው፣ አሁን እዚህ እፊቴ...»

«መዳም፣ በቃን ብዬዎት የለም እንዴ?» ብሎ ዘጋባት።

 ሱሄይር ደግማ ደወለች።